ጣልያንኛን ከቡና ቤቱ፣ ከማዕዱና ከበዓሉ መማር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሮም ውስጥ አዛውንት በመንከባከብ ሥራ ለዓመታት ቆይቻለሁ፤ አዲስ የሚመጡ ወገኖቼ ደጋግመው የሚጠይቁኝን ከቀላሉ ጀምሬ እነሆ።

ለአማርኛ ተናጋሪ ጣልያንኛ ይከብዳል?

ድምፁ አይከብድም። ሌላው የውጭ ሰው ወራት የሚፈጅበትን ማጥበቅና ማላላት እኛ ከእናታችን ጡት ጋር ጠብተነዋል። «ገና» ላልቶ ሲነበብ «ገና አልመጣም» ነው፤ ጠብቆ ሲነበብ በዓሉ ነው። ጣልያንኛም እንዲሁ ነው። «ኖኖ» ላልቶ ዘጠነኛ፣ ጠብቆ ወንድ አያት ነው። «ሴቴ» ላልቶ ጥማት፣ ጠብቆ ሰባት ነው። «ካሮ» ላልቶ ውድ፣ ጠብቆ ጋሪ ነው። ዕድሜያችሁን ስትናገሩ «አኒ» የሚለውን ቃል አደራ አጥብቁት፤ ከላላ ሰው ፊት የማይጠራ የገላ ክፍል ስም ይሆናል።

«ኝ»ንም እናውቃታለን። ላዛኛ ውስጥ ያለችው «ኛ» የራሳችን ፊደል ናት። «ች»፣ «ጅ» እና «ሽ»ም እንግዳ አይደሉም። የሚያስቸግረው አንድ ድምፅ «ፊሊዮ» (ወንድ ልጅ) ውስጥ ያለው ነው፤ ምላስን ከላንቃ ለጥፎ «ል»ንና «ይ»ን በአንድ ትንፋሽ ማውጣት ይጠይቃል፤ ፊደልም የለንለትም። ሌላው ልምምድ የሚጠይቅ ነገር የግሡ ቦታ ነው። እኛ ግሡን ለመጨረሻ እናቆየዋለን፤ እነሱ ቶሎ ብለው ይናገሩትና ሌላውን ያስከትላሉ። ግን «መጣሁ» ስንል «እኔ» ማለት እንደማያስፈልገን ሁሉ እነሱም ባለቤቱን በግሡ ውስጥ ይጨርሱታል። ስለዚህ በየዓረፍተ ነገሩ «ዮ፣ ዮ» (እኔ፣ እኔ) አትበሉ።

አንድም ቃል አላውቅም። ከየት ልጀምር?

ከጋራዥ። አንድም ቃል አላውቅም የሚለኝን ሰው፣ መኪና ሲጠገን አይተህ ታውቃለህ ወይ ብዬ እጠይቀዋለሁ። ጎሚስታ፣ ካቻቢቴ፣ ፓራፋንጎ፣ ፍሪሲዮን፣ ኩሽኔታ፦ ሁሉም ጣልያንኛ ናቸው፤ ፈታ አድርጋችሁ ስታዩዋቸው ደግሞ ሰዋስው ያስተምራሉ። «ጎማ» ላይ «ኢስታ» ሲጨመር ባለሙያው ይወጣል፤ በዚያው መንገድ «ዴንቲስታ» የጥርስ ሐኪም፣ «አውቲስታ» ሾፌር ይሆናል። ፓራፋንጎ «ጭቃ ከላካይ» ነው፤ ፋንጎ ጭቃ ነውና። ኩሽኔታ እነሱ ዘንድ «ኩሺኔቶ» ይባላል፤ «ኩሺኖ» ትራስ ነው፣ «ኩሺኔቶ» ደግሞ ትንሽ ትራስ። ዘንጉ ተንተርሶት የሚዞረው ትራስ መሆኑ ነው። «ኤቶ» የማሳነሻ ቅጥያ እንደሆነ ያን ቀን ካወቃችሁ ሌላ ቦታ ስታገኙት አይጠፋባችሁም።

ግንበኛም ብዙ ያውቃል። ፌሮ ብረት ነው፣ ላሜራ ቆርቆሮው ነው። ቤታችን ወለሉን የምንለው «ሊሾ» በጣልያንኛ ለስላሳ፣ ልሙጥ ማለት ነው። አንድ ጉዳይ ያለ እክል ሲያልቅ «ቱቶ ሊሾ» ይላሉ፤ ሁሉም እንደ ሊሾ ሄደ ማለታቸው ነው። ኳስ ሜዳ ላይ ደግሞ «ቴስታ» አለን። እነሱ ዘንድ ቴስታ ራሱ ጭንቅላቱ ነው፤ ሐኪም ዘንድ ሄዳችሁ «ማል ዲ ቴስታ» ካላችሁ ራስ ምታታችሁን ነገራችሁ። «ካልቾ»ም እርግጫ ብቻ ሳይሆን የእግር ኳሱ ስፖርት ስም ነው።

መጠንቀቅ ያለባችሁ መንገድ ላይ ትርጉም የለወጡትን ነው። እኛ «ኮርኒስ» የምንለውን እነሱ «ሶፊቶ» ይሉታል፤ «ኮርኒቼ» ካላችሁ የፎቶ ፍሬም ነው የሚያመጡላችሁ። «ባር»ም የማታ መጠጥ ቤት ብቻ አይደለም፤ ሰው ሁሉ ሥራ ከመግባቱ በፊት ቡናውን የሚጠጣበት ነው።

ባር ገብቼ እንዴት ነው የማዘው?

መጀመሪያ «ቡዎንጆርኖ»። ሰላም ሳይሉ ማዘዝ እኛም ዘንድ ነውር ነው። ቀጥሎ «ኡን ካፌ፣ ፔር ፋቮሬ»። «ካፌ» ብቻ ካላችሁ የሚመጣው ኤስፕሬሶ ነው፤ ከሁለት ሦስት ጉንጭ አያልፍም። በብዙ ቦታ አስቀድማችሁ «ካሳ» (ገንዘብ መቀበያው) ላይ ትከፍሉና ደረሰኙን፣ «ስኮንትሪኖ»ውን፣ ባንኮኒው ላይ ታስቀምጣላችሁ። ቆሞ መጠጣት ልማዱ ነው። ተቀምጣችሁ ካዘዛችሁ ዋጋው ሊጨምር ይችላል፤ ይህን የማያውቅ አዲስ ሰው ሒሳቡ ሲመጣ ይደነግጣል።

የኛን ማኪያቶ የለመደ ኢትዮጵያዊ የነሱን ሲያይ ቅር ይለዋል። «ማኪያ» ነጠብጣብ፣ እድፍ ማለት ነው፤ «ካፌ ማኪያቶ» በወተት ነጠብጣብ የተነካ ቡና ነው እንጂ እንደኛው ብርጭቆ ሞልቶ አይመጣም። ቡና ቀጂው «ካልዶ ኦ ፍሬዶ?» ብሎ ይጠይቃችኋል፤ ወተቱ ትኩስ ይሁን ቀዝቃዛ ማለቱ ነው። «ላቴ» ብቻ ካላችሁ ደግሞ ወተት ነው የምታገኙት። ካፑቺኖ የጠዋት ነው። ከምሳ በኋላ ማዘዝ ማንም አይከለክላችሁም፤ ግን እነሱ ከምግብ በላይ ወተት ሆድ ያከብዳል ባዮች ናቸው።

ከቃላቱ ሁሉ ቀድማችሁ ያዙልኝ የምለው «ቮሬይ»ን ነው። «ቮሊዮ» እፈልጋለሁ ነው፤ ትክክል ነው፣ ግን «ስጠኝ!» እንደማለት ይከረክራል። «ቮሬይ» «ብታመጣልኝ ደስ ይለኛል» ያህል ነው። ኔፕልስ ከሄዳችሁ «ካፌ ሶስፔዞ» የሚባል መልካም ልማድ አላቸው፦ አንዱን ቡና ጠጥተህ የሁለት ትከፍላለህ፤ ሁለተኛው ገንዘብ ላጣ ለማታውቀው ሰው ይቆያል። «ሶስፔዞ» የተንጠለጠለ ማለት ነው።

«ቻው» ለሁሉም ሰው ይባላል?

አይባልም። እኛ «ቻው»ን ለስንብት ብቻ ወሰድነው፤ እነሱ ሲገናኙም ሲለያዩም ይሉታል፣ ግን «አንተ» «አንቺ» ከሚባባሉት ጋር ብቻ። ለማያውቁት ሰው፣ ለሐኪም፣ ለቢሮ ሠራተኛ፣ ለጎረቤት አዛውንት «ቡዎንጆርኖ»፣ ከሰዓት በኋላ «ቡዎናሴራ»፣ ሲለያዩ «አሪቬዴርቺ» ነው። ግራ ሲገባችሁ «ሳልቬ» መሐል ላይ ያለች ሰላምታ ናት። ሐኪም ቤት ተራ መጠበቂያ ስትገቡ፣ ሊፍት ውስጥ ሰው ስታገኙ ዝም አትበሉ፤ እዚያም ሰላም ይባላል።

«እርስዎ» ጣልያንኛ ውስጥ «ሌይ» ነው። ቃሉ «እሷ» ማለት ስለሆነ ሌላውን የውጭ ሰው ያደናግረዋል፤ ወንዱንም «እሷ» ብሎ ማክበር ምን ማለት ነው ይላል። እኛ ግን «እርስዎ መጡ» ስንል ግሡ «እነሱ መጡ» ከሚለው ጋር አንድ ነው። ከፊታችን ያለውን ሰው እንደሌለ አድርጎ በሦስተኛ መደብ ማክበርን እናውቃለን። «ኮሜ ስታይ?» እንዴት ነህ ወይም ነሽ፤ «ኮሜ ስታ?» እንዴት ነዎት። «አንተ እንባባል» የሚለው ጥያቄ («ፖሲያሞ ዳርቺ ዴል ቱ?») ከታላቅየው መምጣት አለበት። ታናሽ ሲጠይቅ አያምርም።

ሰው ቤት ተጋብዣለሁ። ምን ልበል?

በሩ ተከፍቶ፣ ባለቤቷ ቆማ እየጠበቀቻችሁ እንኳ፣ ደፉን ስታልፉ «ፔርሜሶ?» በሉ። የኛው «ቤቶች!» ነው። መልሱ «አቫንቲ፣ አቫንቲ» ነው፤ ግቡ፣ ግቡ። እሁድ ምሳ ከሆነ ከኬክ ቤት በትሪ የተጠቀለሉ ትናንሽ ኬኮች ይዞ መሄድ የተለመደ ነው።

የመጀመሪያዬን የእሁድ ምሳ አልረሳውም። ፓስታው መጣ። እኛ አገር ፓስታ ራሱ ምሳ ነውና፣ ሲደገምልኝም ደስ ብሎኝ በላሁ። ሳህኑ ሲነሳ ያበቃ መሰለኝ። ከዚያ የተጠበሰ ሥጋ ከድንች ጋር መጣ፤ «ሴኮንዶ» ማለት ሁለተኛ እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። ፓስታው «ፕሪሞ» ነው፣ አንደኛ ብቻ። አትክልቱ «ኮንቶርኖ»፣ ጣፋጩ «ዶልቼ»፣ መዝጊያው ቡና ነው። እኛ ለይሉኝታ አንዴ «ይበቃኛል» ብለን በሁለተኛው «በሞቴ» እንቀበላለን፤ እነሱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ቃላችሁን አምነው ሳህኑን ያነሱታል። አያቶቻቸው ሲቀሩ። አያቶቹ እንደኛዎቹ ናቸው።

ሁለት ነገር ከሁሉ ይበልጥ ልቤን ነክቶታል። አንዱ «ፋቮሪስካ» የሚለው ቃል ነው። ሰው እየበላ ሳለ ሌላ ሰው ከደረሰ፣ በተለይ ወደ ደቡብ፣ «ቩዎሌ ፋቮሪሬ?» ይላል። እንብላ ነው! የማይበላው ሰው «ኮሜ ሴ አቬሲ አቼታቶ» ብሎ ይመልሳል፤ «እንደ በላሁ ቁጠሩልኝ»። የምንከባከባቸው አሮጊት ኩሽና ውስጥ ይህን ስሰማ የናቴ ቤት ውስጥ ያለሁ መሰለኝ። ሁለተኛው «ፋሬ ላ ስካርፔታ» ነው፤ ሳህን ላይ የቀረችውን ስጎ በዳቦ ቁራሽ ጠርጎ መብላት። ቃል በቃል «ትንሿን ጫማ መሥራት» ይባላል፤ «ኤታ» የ«ኤቶ» ሴት መሆኗን ልብ በሉ። በእንጀራ ላደገ እጅ ይህን ማስተማር አያስፈልግም። የወግ ማዕድ ላይ ግን ተዉት።

ወንድና ሴት ስሞችን እንዴት ልለይ?

በ«ኦ» የሚያልቀው ብዙውን ጊዜ ወንድ፣ በ«ኣ» የሚያልቀው ሴት ነው። እኛ ስናቆላምጥ ወይም ስናሳንስ «መኪናዋ» «ቤቷ» እንላለን፤ እነሱ ምርጫ የላቸውም፣ ጾታው ከቃሉ ጋር ተወልዷል። ከሕጉ የሚያፈነግጡም አሉ፦ እጅ «ላ ማኖ» ነው፣ ችግር «ኢል ፕሮብሌማ»። ስለዚህ ቃልን ብቻውን አታጥኑ፤ ከመስተአምሩ (ከፊቱ ከምትቆመው «ኢል» ወይም «ላ») ጋር፣ ስምን ከነአባት ስም እንደምንይዘው ያዙት። «ኢል ታቮሎ» ጠረጴዛው እንጨቱ ነው፤ «ላ ታቮላ» ማዕድ የቀረበበት ነው። እናት ልጆቿን «ኣ ታቮላ!» ብላ ስትጠራ የተሰናዳውን ምግብ ማለቷ ነው።

በዓላቱን ማወቅ ለቋንቋው ምን ይጠቅማል?

ሰው በበዓል ቀን የሚናገረውን ዓመቱን ሙሉ አይረሳም። ጥር 6 በነሱ አቆጣጠር «ቤፋና» ናት፤ በመጥረጊያ ተቀምጣ የምትበር አሮጊት ለልጆች ጣፋጭ በ«ካልዛ» ታስቀምጣለች፣ ላስቸገረ ልጅ ከሰል። ካልዛ የኛዋ ካልሲ ናት። ያን ቀን የሚባለው ተረት «ሌፒፋኒያ ቱቴ ሌ ፌስቴ ፖርታ ቪያ» ነው፤ ኤጲፋንያ በዓላቱን ሁሉ ይዛ ትሄዳለች። እነሱ ዛፉን በሚያወርዱበት ማግስት የኛ ገና ይገባል። ለአሮጊቷ ይህን ስነግራቸው መብራቱን አንድ ቀን አቆዩልኝ።

ለፋሲካ ደግሞ «ናታሌ ኮን ኢ ቱዎይ፣ ፓስኳ ኮን ኪ ቩዎይ» ይላሉ፦ ገናን ከቤተሰብህ፣ ፋሲካን ከወደድከው ጋር። «ቱዎይ» ያንተዎቹ፣ «ቩዎይ» ትፈልጋለህ። ቤት እየመታ ስለሚሄድ ሁለቱን ሰዋስው በአንድ ጊዜ ትይዛላችሁ። የፋሲካ ማግስት ሰኞ «ፓስኬታ» ነው፤ ምግብ ቋጥሮ ወደ ሜዳ መውጣት ነው።

ነሐሴ 15 በነሱ ቀን «ፌራጎስቶ» ነው። ስሙ ከንጉሠ ነገሥት አውግስጦስ ዘመን የወረደ ሲሆን ቤተ ክርስቲያን ደግሞ የእመቤታችንን ዕርገት ታከብርበታለች። በዚያ ሰሞን ሮም ጭር ትላለች። የመጀመሪያው ነሐሴዬ ላይ ዳቦ ፍለጋ ሦስት ፎርኖ ሄጄ ሦስቱም በር ላይ «ኪዩዞ ፔር ፌሪዬ» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ለእረፍት ተዘግቷል ማለት ነው። ያለ አስተማሪ ያነበብኩት የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር እሱ ነው።

አንዲት ቃል ይዛችሁ ሁሉንም በዓል መሻገር ከፈለጋችሁ «አውጉሪ!» በሉ፤ ለልደት፣ ለሠርግ፣ ለገና ትሆናለች። ላስነጠሰ «ሳሉቴ» (ይማርህ)፣ ለሐዘንተኛ «ኮንዶሊያንዜ»። ለተፈታኝ «ኢን ቦካ ኣል ሉፖ» ይባላል፤ «በተኩላ አፍ» ማለት ነው። መልሱ «ክሬፒ!» (ይሙት) ነው፤ «ግራሲዬ» ብሎ ማመስገን ዕድል ያበላሻል ይላሉ።

በእጃቸው የሚናገሩት ምን ማለት ነው?

አምስቱን ጣት ጫፍ ለጫፍ ገጥሞ ወደ ላይ መነቅነቅ «ምን ፈለግህ? ምን እያልክ ነው?» ነው። እስራኤል ለኖራችሁ በተለይ፦ እዚያ ይኸው እጅ «ቆይ» ነው፤ እዚህ ትንሽ ጥል ያስነሳል። አመልካች ጣትን ጉንጭ ላይ ማዞር «ይጣፍጣል» ነው። ጣቶችን ከአገጭ ሥር ወደ ፊት መግፋት «ምን ቸገረኝ» ነው፤ መረዳት እንጂ ማድረግ አያስፈልጋችሁም።

ክፍል የተማርኩትና መንገድ ላይ የምሰማው ለምን አይገናኝም?

ጥፋቱ የናንተ አይደለም። ኢጣሊያ እ.ኤ.አ. በ1861 አንድ አገር ስትሆን ዛሬ ጣልያንኛ የምንለውን የሚናገረው ሰው እጅግ ጥቂት ነበር፤ የቋንቋ ሊቁ ቱሊዮ ዴ ማውሮ 2.5 በመቶ ብሎ ገምቶታል። የቀረው ኔፕልስኛውን፣ ቬኔቶኛውን፣ ሲሲሊኛውን ይናገር ነበር። እነዚህ የጎጃምና የሸዋ አማርኛ ያህል የሚቀራረቡ አይደሉም፤ ብዙዎቹ ከላቲን በየፊናቸው የወጡ እህትማማቾች ናቸው። አገሩን ያግባባው ትምህርት ቤት፣ ውትድርናና በመጨረሻ ቴሌቪዥን ነው። አልቤርቶ ማንዚ የሚባል መምህር እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1968 በመንግሥት ቴሌቪዥን ማንበብና መጻፍ ለማይችሉ አዋቂዎች ያስተምር ነበር። የምንጦራቸው አዛውንት ብዙዎቹ ጣልያንኛን እንደኛው በኋላ የተማሩት ናቸው፤ ይህን ሳውቅ ዓይን አፋርነቴ ቀነሰ።

ምክሬ፦ ዘዬውን ስሙት፣ ተናገሩ ስትባሉ ግን ጣልያንኛውን ተናገሩ። የቃላት ልዩነቱን ገበያ ያስተምራችኋል። ሐብሐብ ሮም «ኮኮሜሮ»፣ ሰሜን «አንጉሪያ» ነው። የትኛው ትክክል ነው ብላችሁ አትከራከሩ፤ የቆማችሁበትን ከተማ ተከተሉ።

ቋንቋውን ከኩሽና ነው የለመድኩት። ፈተና ማለፍ እችላለሁ?

መናገሩን ታልፉታላችሁ፤ የሚጥለው መጻፉ ነው። ለረጅም ጊዜ ነዋሪነት ፈቃድ «ኣ 2» የሚባለው የቋንቋ ደረጃ፣ ለዜግነት እ.ኤ.አ. ከ2018 መጨረሻ ወዲህ ከሱ ከፍ ያለው «ቢ 1» ይጠየቃል። ለዜግነቱ ዕውቅና ካላቸው ፈተናዎች አንዱን ውሰዱ፦ የሲዬናው ቺልስ፣ የፔሩጃው ቼሊ፣ የዳንቴ አሊጊዬሪ ማኅበር ፕሊዳ፣ የሮማ ትሬ ዩኒቨርሲቲ ቼርት። በየግዛቱ «ቺፒያ» የሚባሉ የመንግሥት የአዋቂዎች ትምህርት ቤቶች አሉ፤ ክፍያቸው ወይ የለም ወይ ትንሽ ነው። አዲስ አበባ ያላችሁ ደግሞ የኢጣሊያ የባህል ተቋም ያስተምራል።

ከቤት የተማረ ሰው ሁለት ጉድለት አለው። አንደኛ፣ ቀጣሪዎቹ «ቱ» (አንተ፣ አንቺ) እያሉ ስላናገሩት ለሁሉም «ቱ» ይላል፤ የፈተናው ደብዳቤ ግን «ሌይ» ይፈልጋል። ሁለተኛ፣ ጆሮው ይሰማል፣ እጁ አይጽፍም። የገበያ ዝርዝሩን ራሳችሁ ጻፉ። የሕንፃው መግቢያ ላይ የተለጠፈውን «አቪዞ» በየቀኑ አንብቡ። ለአሮጊቷ ልጅ በድምፅ ከመላክ በጽሑፍ ላኩ፦ «ሲኞራ ዛሬ በደንብ በልተዋል፣ መድኃኒቱንም በአራት ሰዓት ወስደዋል»። ይህን ስድስት ወር የጻፈ ሰው ወረቀቱ አያስፈራውም።

የወረረንን አገር ቋንቋ መማር አይከብድም?

ይከብዳል፤ ጥያቄውንም አላቃልለውም። የካቲት 12ን የሚያስብ ቤተሰብ ውስጥ ያደገ ሰው ጣልያንኛ ሲሰማ የሚሰማውን አውቃለሁ። ፒያሳና መርካቶ ከዚያ ዘመን የቀሩ ስሞች ናቸው፤ ካዛንቺስም «ካሴ ኢንቺስ» ነው፣ ለቅኝ ገዥው መንግሥት ሠራተኞች ቤት ከሠራው ተቋም ምህፃረ ቃል።

ለሚጠይቁኝ ሁሉ ግን የውጫሌን ውል አነሳለሁ። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በተፈረመው ውል 17ኛው አንቀጽ ላይ አማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ከአውሮፓ ነገሥታት ጋር በኢጣሊያ መንግሥት አጋዥነት መላላክ «ይቻላቸዋል» ይላል። ጣልያንኛው «ኮንሴንቴ» ይላል፤ ተስማምተዋል፣ ፈቅደዋል ማለት ነው፤ በዚያች ቃል ኢጣሊያ ኢትዮጵያን ጥገኛዬ ናት ብላ ለዓለም አስታወቀች። ምኒልክ ውሉን ተዉት፤ ነገሩም የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ ደረሰ። «ኮንሴንቲሬ» የሚለውን ግሥ የማስተምረው በዚህ ነው። «ፖቴሬ» መቻል ነው፣ «ኮንሴንቲሬ» መፍቀድ፤ ሁለቱን ጎን ለጎን ሰሌዳው ላይ ጽፌ፣ ከሥራቸው «ይቻላቸዋል» እላለሁ። ክፍሉ ጸጥ ይላል፤ ከዚያ አንዱ ተነስቶ ሁለቱን ቃላት በትክክል በየዓረፍተ ነገራቸው ያስገባቸዋል።